በረሃ ላይ ያለው ሆቴል በማን ውሃ ከበረ?

ጥያቄውን የጣለው የባሕር ዳር ልጅ ነው። ሆቴል ማኔጅመንት ተምሯል፤ አሁን ሐይቁ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ሪሴፕሽን ላይ ይሠራል። አንድ ማታ በከተማችን የውይይት መድረክ ላይ ፎቶ ለጠፈ። ቀላ ያለ ትልቅ ሕንፃ ግራናይት አለት ላይ ጉብ ብሏል። ከሥሩ አባይ አለ። ከወንዙ ማዶ፣ ከደሴቷ ዘንባባ ጀርባ፣ የሚታየው አሸዋ ብቻ ነው። አስዋን ያለው ኦልድ ካታራክት ሆቴል ነው።

ከፎቶው በታች የጻፈው ዙሪያ ጥምጥም የለውም። ሆቴሉ የተከፈተው በ1899 ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው፤ በእኛ 1892 ገደማ መሆኑ ነው፣ ገና የዓድዋ ወሬ ሳይበርድ።) ከዚያ ወዲህ ንጉሥ፣ ፕሬዚዳንትና ደራሲ ሲመላለስበት ኖሯል። በረንዳው ላይ ሻይ ለመጠጣት ሰው ባሕር ያቋርጣል። የሚሸጠው እይታ ነው፤ እይታው ደግሞ የእኛ ውሃ ነው። ታዲያ ከደጃችን የወጣ ውሃ በረሃ ውስጥ ያለ ሆቴል ካስከበረ፣ መነሻው ላይ ያለነው ለምን እንዲህ ያለ አንድ ሆቴል አጣን? ታላላቆች ካላችሁ አስረዱኝ ብሎ በአክብሮት ዘጋ።

እኔ መድረኩን ከሚያነቡት እንጂ እምብዛም ከማይጽፉት ነኝ። ይህኛው ግን ያዘኝ። መልሱ ከአርባ አልፏል፤ የሚጠቅመውን እየለቀምኩ ልንገራችሁ።

1ኛውና 2ኛው ምስጋናና ጭብጨባ ናቸው። ነገሩን ያነቃው 3ኛው ነው። ጸሐፊው ጡረታ የወጡ የውሃ መሐንዲስ ናቸው፤ መድረኩ ላይ ሁሉም ጋሼ ነው የሚላቸው። ልጁን አመስግነው ሒሳቡን አቃኑለት። ከጣና የሚወጣው ውሃ፣ አባይ ሱዳን ድንበር ላይ ሲደርስ ከሚይዘው አሥር በመቶ እንኳ አይሞላም። የቀረውን የሚሞሉት ከታች የሚቀላቀሉት ናቸው፦ በሽሎ፣ ጀማ፣ ሙገር፣ ጉደር፣ ፊንጫ፣ ዲዴሳ፣ ዳቡስ፣ በለስ። ተከዜና ባሮ ሲጨመሩ የኢትዮጵያ ደጋ አስዋን ከሚደርሰው ውሃ ከሰማንያ በመቶ በላይ ይሰጣል። ስለዚህ የኢትዮጵያ ውሃ ማለት ያስኬዳል፤ የባሕር ዳር ውሃ ማለት ግን ወሎን፣ ሸዋንና ወለጋን ያስቀይማል ብለው ቀለዱ።

ቀልዱ ግን እሳት ጫረ። 4ኛው የፎገራ ሰው ነው። ጣናንም ቢሆን የሚሞሉት ርብና ጉማራ መሆናቸው እንዳይረሳ አሳሰበ። 5ኛው ከሰከላ ነው፤ ግሽ አባይ ያለው እኛ ጋ ነውና ምንጭ የሚባለው ማን እንደሆነ ይታወቃል አለ። እንዲህ ያለ ፉክክር አንዴ ከተነሳ ማን ያበርደዋል? ደግነቱ 6ኛው መጣ።

6ኛው መልስ ረጅም ነው። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው። የጻፈው አስጎብኚ ነው፤ እንግዳ ወደ ገዳማቱ በጀልባ ሲያመላልስ የኖረ፣ አስዋንንም ሄዶ ያየ። የልጁን ጥያቄ ገለበጠው። ያ ሆቴል ሲጀመር የሸጠው ድርቀት ነው አለ። አስዋን በዓመት የምታገኘው ዝናብ አንድ ሚሊሜትር ገደማ ነው። እኛ ጋ ከአንድ ሺህ ሚሊሜትር በላይ ይወርዳል፤ አብዛኛው ሐምሌና ነሐሴ ላይ። በዚያ ዘመን የአውሮፓ ሐኪሞች ሳንባው ለተነካ፣ ቁርጥማት ለያዘው ባለጸጋ የሚያዙት የግብፅን ደረቅ አየር ነበር። ቶማስ ኩክ የሚባለው የጉዞ ኩባንያ ሰዎቹን በእንፋሎት መርከብ አባይን ሽቅብ ያወጣቸዋል። በ1898 የባቡር ሐዲዱ አስዋን ደረሰ። በዓመቱ ሆቴሉ ተከፈተ። አልጋ ስላልበቃም ግቢው ውስጥ ድንኳን እስከ መትከል ተደረሰ። ሐኪም፣ መርከብና ባቡር ባይገጣጠሙ ኖሮ ውሃው ብቻውን ማንንም አያመጣም ነበር።

ቀጥሎ ያነሳውን ነጥብ ከዚያ በፊት ከማንም ሰምቼው አላውቅም። ሆቴሉ የሚሞላው በፈረንጆቹ የብርድ ወራት ነው፤ ከኅዳር እስከ መጋቢት፣ በእኛ በጋ። ሙቀቱ ሲበረታ ይዘጋ ነበር። የእኛ ክረምት ውሃ፣ ያ አፈር የጠጣው ደራሽ፣ አስዋን የሚደርሰው ግን ነሐሴና መስከረም ላይ ነው። እንግዳው አገሩ ገብቷል። ሲመለስ የሚያገኘው የጎደለና የጠራ ወንዝ ነው፤ አለቶቹ ብቅ ብቅ ብለው። በ1964 ወንዙ ለታላቁ የአስዋን ግድብ ሥራ አቅጣጫውን እስኪቀይር ድረስ እንግዶቹና ደራሹ ሲተላለፉ ኖሩ። ከዚያ በኋላማ ደራሽ የሚባል ነገር እዚያ የለም።

እዚህ ላይ ውይይቱ ጥሩ መንገድ ይዞ ነበር። 7ኛው አሻከረው። ጸሐፊው የታሪክ መምህር ይመስለኛል፤ አነጋገሩ ክፍል ውስጥ ያለ ነው። ልጁን በቅኝ ገዢ ሕንፃ መመሰጥህ ያሳፍራል አለው። ከዚያ ሁለት ቀኖችን ጎን ለጎን አስቀመጠ። ግንቦት 1902 አዲስ አበባ ላይ አፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር ውል ተፈራረሙ። በአባይ፣ በጣናና ባሮ በሚገባበት በሶባት ወንዝ ላይ ውሃውን የሚያቆም ሥራ ከእንግሊዝና ከሱዳን መንግሥት ጋር ሳይስማሙ እንዳይሠሩ የሚል አንቀጽ አለበት። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ እንግሊዞቹ ራሳቸው አስዋን ላይ ግድብ መረቁ። የንጉሣቸው ወንድም፣ የኮንኖቱ መስፍን፣ ተገኝቷል፤ ወጣቱ ቸርችልም ነበር። የሆቴሉ ባለጉልላት የመመገቢያ አዳራሽ፣ ያ ቀይና ነጭ ቅስት የተደረደረበት፣ የተከፈተው በዚያው ዓመት ነው። እስካሁንም ምግብ ቤቱ 1902 ተብሎ ነው የሚጠራው። እኛን ውሃችሁን አትንኩ ብለው ካስፈረሙ በኋላ የበሉበትን ገበታ እያየህ ነው የምትቀናው ሲል ደመደመ።

ነገሩ እውነት ነው፤ አነጋገሩ ግን ልጁን አሸማቀቀው። 8ኛው መልስ የልጁ ነው፤ ይቅርታ መምህር፣ እኔ ስለ ሆቴል ነበር የጠየቅሁት የሚል ይዘት አለው። 9ኛው ላይ ጋሼ ገብተው መሃል ሆኑ። ውሉ ጨርሶ አትሥሩ አይልም፤ ተስማሙ ነው የሚለው። ከእሱ በኋላም ጣና ላይ ግድብ የመሥራት ሐሳብ አልሞተም። እንግሊዞች በ1920 እና 21 ሐይቁን የሚያጠና ቡድን ልከዋል። ራስ ተፈሪ ደግሞ በ1927 ሐኪም ወርቅነህን ኒው ዮርክ ድረስ ልከው ከጄ. ጂ. ዋይት የምህንድስና ኩባንያ ጋር አነጋግረዋል። ጥናቱ ተጀመረ፣ የኢጣሊያ ወረራ መጣ፣ ነገሩ ተበላሸ። ጋሼ ይህን ሁሉ የጻፉት መምህሩን ሳያስቀይሙ ነው። ዕድሜ እንዲህ ሲሆን ደስ ይላል።

ከ10 እስከ 13 ያሉት ስለ አጋታ ክሪስቲ ናቸው። አንዱ፣ አባይ ላይ መርከብ ውስጥ ስለተፈጸመ ግድያ የጻፈችውን ልቦለድ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በዚያ በረንዳ ተቀምጣ ነው የጻፈችው አለ። ሌላዋ ረጋ በል ወንድማለም አለችው። መጽሐፉ የታተመው በ1937 ነው፤ ታሪኩ ሆቴሉን ይነካል፤ ፊልሙም በ1978 ሲወጣ ሆቴሉ ይታይበታል። ይኼ በቂ ነው፤ የቀረው ሆቴሉ ለእንግዳ የሚያወራው ነው። ሦስተኛው ሰው የፈረንሳዩን የቀድሞ ፕሬዚዳንት ሚተራንን አስታወሰ። በ1995 የገናን በዓል እዚያ አሳልፈው፣ አገራቸው ተመልሰው ጥር ላይ አረፉ። አራተኛው የአልጋው ዋጋ ስንት ነው ብሎ ጠየቀ። የመለሰለት የለም።

14ኛውን የጻፈችው ሴት ከዚያ በፊት መድረኩ ላይ አትታወቅም። ካይሮ ሰው ቤት እየሠራች ኖራ የተመለሰች ናት። እዚያ ሳለች ጎረቤቷ የነበሩ የኑቢያ እናት ነበሩ፤ እንደ ልጅ ነው ያቀረቧት። የአስዋን ስም ሲነሳ ሴትዮዋ ሆቴልም ሐውልትም አያነሱም፤ የሰመጠ ቀዬአቸውን ነው የሚያወሩት። የ1902ቱ ግድብ ሁለት ጊዜ ከፍ ተደርጓል፤ በ1912 እና በ1933 ተጠናቀቀ። በእያንዳንዱ ጊዜ ውሃው ወደ ኋላ እየተኛ የኑቢያን መንደርና የተምር ዛፍ ዋጠ። ታላቁ ግድብ ሲመጣ ደግሞ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ግብፅ ውስጥ ብቻ ሃምሳ ሺህ ያህል ሰው ተነስቶ ኮም ኦምቦ አካባቢ ሰፈረ። ሱዳን ውስጥም እንዲሁ የዋዲ ሐልፋ ሰዎች ተነሱ። አስዋን አጠገብ ደሴት ላይ ያለው ጥንታዊው የፊለ ቤተ መቅደስም የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ውሃ ውስጥ ያሳልፍ ነበር። ውሃው የሚተኛው ቱሪስት በሚመጣበት ወቅት ነውና የሆቴሉ እንግዶች በዓምዶቹ አናት መካከል በጀልባ ይቀዝፉ ነበር። ድንጋዩ እየተፈታ ከፍ ወዳለችው ደሴት የተዛወረው በ1970ዎቹ ነው። ለቤተ መቅደሱ ዓለም ሁሉ ገንዘብ አዋጣ፤ ለሴትዮዋ የተምር ዛፍ ግን ማን አዋጣ ብላ አቆመች።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሁለት ሦስት መልሶች አጫጭር ናቸው። መምህሩ እንኳ እህታለም ተባረኪ ብሎ አለፈ።

18ኛው ነገሩን ወደ ጣና መለሰው። ውሃ ከፍ ዝቅ ሲል የሚጎዳው ሁልጊዜ ዳር ላይ ያለው ነው አለ። ጋሼ ደግፈው፣ አባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ጨረጨራ ላይ ያለው የውሃ መቆጣጠሪያ ከተሠራ ወዲህ የሐይቁ ከፍታ በሰው እጅ መግባቱን አስረዱ። በ2003 ሐይቁ ሸሽቶ መርከቦቹ ወደብ ላይ የቆሙበትን ጊዜ የሚያስታውሱ ሰዎች ተከታትለው ጻፉ። አንዱ ጭቃው ላይ ከብት ሲግጥ አይቻለሁ ይላል። ሌላው ጤፍ ተዘርቶበት ነበር እስከ ማለት ደረሰ።

21ኛው ላይ ልጁ ተመለሰ። አሸማቅቀውት የቀረ መስሎኝ ነበር። ሁሉንም አንብቤያለሁ፣ ተምሬበታለሁ፣ ግን ጥያቄዬ አልተመለሰም አለ። ድርቀቱም ይሁን ባቡሩ፣ ብዙ የዚያ ዘመን ሆቴል ጠፍቷል፤ ይህ ለምን ቆመ? መልሱን ራሱ ሞከረው። በ1961 ከአሮጌው ጎን ኒው ካታራክት የሚባል ፎቅ ተሠራ፤ አሮጌውን ግን አላፈረሱትም። በ2008 ሆቴሉ ለእድሳት ተዘጋ። የተከፈተው በ2011 ነው። ሦስት ዓመት ያህል አንድ እንግዳ ሳያስገባ፣ ቅስቱን፣ ጣውላውን፣ ጉልላቱን እየጠገነ ቆየ ማለት ነው።

ለእኔ የውይይቱ ቁም ነገር እዚህ ነው ያለው። ውሃው የማንም ይሁን፣ ሕንፃውን ያቆየው ይህ መዝጋት ነው። ልጁ ሪሴፕሽን ላይ ስለሚሠራ ሆቴል መዝጋት ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። እኛ ጋ ሆቴል ሲያረጅ ወይ ቀለም ይቀባል ወይ ይፈርሳል። በመሃል ያለውን፣ ማለትም ገቢ እያጡ በትዕግሥት መጠገንን፣ የሚደፍር ባለቤት ትንሽ ነው። አይፈረድበትም፤ ባንክ አይታገስም፣ ቱሪስቱም ዛሬ አለ ነገ የለም። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ እንግዳ ምን ያህል እንደቀነሰ ለሐይቅ ዳር ሰው አይነገርም።

23ኛው ቁጡ ነው። የጀልባ ሠራተኛ ነው። ስለ ሕንፃ የምታወሩት ሐይቁን በነፃ ስለምታዩ ነው አለ። እሱ አንድ ሆቴል ዳር ጀልባውን አስጠግቶ እንግዳ ሲጠብቅ ጥበቃው አባረረው። የሆቴሉን ስም አልጻፈም፤ እኔም አልገምትም። ልጅ እያለ ግን እዚያው ቦታ ላይ ይዋኝ ነበር። ዳሩ በአጥር እየተሸነሸነ ካለቀ አንድ ቀን ጣናን ለማየት ቡና መግዛት ግዴታ ሊሆን ነው። 24ኛዋ ለዚያ አስዋንም ልዩ አይደለም አለች፤ እዚያ በረንዳ ላይ ዘው ብሎ መግባት የለም፣ ከፍለህ ነው። 25ኛው ሆቴል ያለ አጥር እንዴት ይጠበቃል ብሎ ለባለሆቴሎች ቆመ። 26ኛው ሰደበው። 27ኛው 26ኛውን ሰደበው። የመድረኩ አስተዳዳሪ ሁለቱንም አስጠነቀቀ።

ከዚያ ትንሽ ተበተነ። የቆረሶ ዓሣ ዋጋ ሰማይ ነክቷል ያለ አለ። እምቦጩን ማን ነው የሚያጠፋው ያለ አለ። አንዱ በ2025 የተመረቀውን የሕዳሴ ግድብ አንስቶ ከግብፅ ወሬ ጋር ሊያያይዘው ሲሞክር ውይይቱ ወዴት እንደሚሄድ ስለገባው አስተዳዳሪው አምስት ስድስት መልስ አጠፋ። ቁጥሮቹ ከዚህ በኋላ የተዘበራረቁት ለዚህ ነው።

34ኛው የእኔ ነው። ከበዛዊት ኮረብታ ላይ ካለው የጃንሆይ ቤተ መንግሥት ጀምሮ በኢጣሊያ ጊዜ እስከተሠሩት ቤቶች ድረስ፣ በከተማችን ሊጠገን የሚገባው የቱ እንደሆነ አንድ አንድ እንጥቀስ አልኩ። ድምፄን ግን ለሕንፃ አልሰጠሁም፤ ዳሩ ላይ ላሉት ዋርካዎች ሰጠሁ። ሆቴል በገንዘብ ይሠራል፤ ዋርካ ለማሳደግ ግን ሰው ዕድሜ አይበቃውም። ሁለት ሰው ወደደው። መልስ የሰጠኝ የለም።

የሚገርመው 36ኛው ነው። ከደርግ ጊዜ ጀምሮ በአንድ የሐይቅ ዳር ሆቴል ያገለገሉ አባት ናቸው፤ ልጃቸው ናት የምትጽፍላቸው። አስዋን የሚመካው በሕንፃው ብቻ አይደለም፣ ማን እንደተኛበት ስለሚያውቅ ነው አሉ። ቸርችል፣ ደራሲዋ፣ ፕሬዚዳንቱ፤ ሁሉም ስማቸው ተይዟል። እሳቸው በሠሩበት ሆቴልም የእንግዳ መዝገብ ነበር። ሚኒስትር፣ የሩሲያ መምህር፣ የወፍ አጥኚ፣ ገዳም ሳሚ ፈረንጅ፣ ሁሉም ስሙን በእጁ ጽፎበታል። አስተዳደር ሲቀየር ዕቃ ክፍሉ ተጠረገ። መዝገቦቹ በኪሎ ተሸጡ። እሳቸው ቆይተው ገበያ ላይ በርበሬ ሲገዙ የተጠቀለለላቸው በመዝገቡ ወረቀት ነበር። ስሙን አነበቡት፤ ግን ማን እንደነበር አሁን ጠፍቷቸዋል።

ልጁ ይህን ሲያነብ ተነስቶ መቀመጡ አይቀርም። በ37ኛው የሆቴሉን ፎቶ አወረደና አዲስ ጥያቄ ተካ። የአባይ ውሃ የማን ነው የሚለው ክርክር ለጋሼና ለመምህሩ ይቅር አለ። በየቤታችሁ የቆየ የሆቴል ደረሰኝ፣ ቁልፍ፣ የሠርግ ፎቶ፣ የምሳ ዝርዝር ካለ በስልክ አንስታችሁ ለጥፉልኝ። እኔ በዓመት በዓመቱ አሰባስቤ አስቀምጣለሁ።

እስከ ትናንት ማታ አምስት ነገር ተለጥፏል። ከሁሉም የሳበኝ አንድ የአልጋ ደረሰኝ ነው። ወረቀቱ ቢጫ ሆኗል፤ የሁለት ሌሊት አልጋ፣ አንድ ዓሣ ጉላሽና ሁለት ለስላሳ ተጽፎበታል። ማህተሙ ውስጥ ያለው ቁጥር 1968 ይመስላል። ወዲያው አንዱ ይኼ በእኛ ነው በፈረንጅ ብሎ ጠየቀ። በእኛ ከሆነ የደርግ ነው፣ በፈረንጅ ከሆነ የጃንሆይ። መምህሩ የማህተሙን አንበሳ እያጎላ ለጃንሆይ ዘመን ይሟገታል። ጋሼ አንበሳ ሳይሆን የቀለም ፍሳሽ ነው የሚታያቸው። እኔ ወደ ጋሼ አደላለሁ።